ከኬጅ የወጡ ዶሮዎችን ቤት አምጥቶ ከነባሮቹ ጋር ማላመድ፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ቆጡ

እንቁላል ጣይ የፈረንጅ ዶሮ ኬጅ (የሽቦ ሳጥን) ውስጥ የሚደርሳት ቦታ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኤ-ፎር ወረቀት ያንሳል። ክንፏን አትዘረጋም። አፈር አትጭርም። ዕድሜዋ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲደርስ እንቁላሏ ይቀንሳል፤ የምትበላው መኖ ግን ያው ነው። ያኔ ባለቤቱ አስወግዶ በቄብ ይተካታል። ቢሾፍቱና አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ እርባታዎች እንዲህ ያሉትን ዶሮዎች በጅምላ ይሸጣሉ። አብዛኞቹም በቀጥታ ወደ ድስት ይሄዳሉ።

ጥቂቶቹን ወስዶ ግቢ ውስጥ ማኖር ይቻላል። ገና ጥቂት ዓመት የመኖር አቅም አላቸው፤ እንቁላልም ጨርሰው አያቆሙም። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን አራቱን ሳመጣ ትልቅ ስህተት ሠራሁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሐበሻ ዶሮዎቼ ጋር ለቀቅኳቸው። ዶሮ ከዶሮ ጋር ምን ችግር ይኖረዋል ብዬ ነበር። እነሱ መሸሽ እንኳ አያውቁም። ጥግ ይዘው ቆሙ፤ እየተነቆሩም ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ማታ ሳያቸው አንዷ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ቸኩዬ አላውቅም። ከዚህ በታች ያለው አሁን የምከተለው መንገድ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አምስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

1. መጀመሪያ ቤቱን፣ ቀጥሎ ዶሮውን

ሳታመጧቸው በፊት ለብቻቸው የሚቆዩበት ቦታ ይኑራችሁ። አሮጌ መጋዘን ወይም በሽቦ የታጠረ የግቢ ጥግ ይበቃል። ዝናብና ነፋስ እንዳይገባው፣ ሌሊት ደግሞ ድመትና ሸለመጥማጥ እንዳይደፍረው አድርጉ። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም ጭድ በደንብ አንጥፉ። ለአንድ ካሬ ሜትር ከሦስት እስከ አራት ዶሮ ቢሆን ጥሩ ነው።

ቆጡን ዝቅ አድርጉት፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ቢል በቂ ነው። እነዚህ ዶሮዎች ዘልለው አያውቁም፣ አጥንታቸውም ደካማ ነው። ከፍ ካለ ቦታ ሲወርዱ እግራቸው ሊሰበር ይችላል።

ጊዜውንም አስቡበት። ብዙዎቹ ላባቸው ተመልጦ ነው የሚመጡት። በክረምት ጭቃና ብርድ ውስጥ ማስገባት ግፍ ነው። እኔ ከመስከረም በኋላ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። ሁዳዴ መሐል ላይም የዶሮ ፈላጊ ስለሚቀንስ ዋጋው ረገብ ይላል። ለበዓል ሰሞን ከሄዳችሁ ግን ከዶሮ ወጥ ጋር ነው የምትሻሙት።

ሌላው፣ ቤት ያሉትን ዶሮዎች የፈንግል ክትባት አስከትቡ። አዲሶቹ ከመምጣታቸው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ሙቀት የሚቋቋመው፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጠው ክትባት በአገራችንም ይመረታል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ብታስከትቡ ወጪው ይቀላል።

2. እርባታው ላይ ምን ይጠየቃል?

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚወገዱበት ምክንያት ነው። በዕድሜ ከሆነ እሰየው። "ሰሞኑን ትንሽ እየሞቱብን ነው" ካሏችሁ ባዶ እጃችሁን ተመለሱ። ለፈንግልና ጉምቦሮ ለሚባለው የዶሮ በሽታ መቼ እንደተከተቡ ጠይቁና ጻፉት።

የላባ መመለጥ፣ የጥፍር መርዘም፣ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቶ መልፈስፈሱ አያስፈራችሁ። ይሄ ሁሉ የኬጅ ኑሮ ምልክት ነው፣ ይመለሳል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ፊቷ ያበጠ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ ስትተነፍስ የሚያንኮራፋት፣ አንገቷ የተጠማዘዘ፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጣት። ከእንዲህ ዓይነቷ ጋር አንድ ኬጅ ውስጥ ያለችውንም አትውሰዱ።

አንድ ብቻ እንዳትወስዱ። ብቻዋን የመጣች ዶሮ የሁሉም ዱላ እሷ ላይ ያርፋል። ቢያንስ ሦስት ይሁኑ።

3. እግር አስሮ ማንጠልጠል አይሆንም

ዶሮን እግሯን ይዞ ቁልቁል አንጠልጥሎ መሄድ የለመድነው ነገር ነው። ለኬጅ ዶሮ ግን ይሄ ስብራት ነው። ዓመት ሙሉ እንቁላል ስትጥል የቅርፊቱን ካልሲየም የምታወጣው ከመኖዋ ብቻ አይደለም፤ ከራሷ አጥንትም ነው። በዚያ ላይ ሳትንቀሳቀስ ነው የኖረችው። ስለዚህ በሁለት እጅ ያዟት። ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር ገጥማችሁ፣ አንዱን መዳፍ ደረቷ ሥር አስገቡ። አየር በሚያስገባ ካርቶን ወይም ሰፋ ባለ ቅርጫት፣ በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ አጓጉዟቸው። በቀትር መኪና ውስጥ ማቆየት በሙቀት ይገድላቸዋል።

4. የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሁሉም ነገር አዲስ ነው

መጀመሪያ ውኃ። ኬጅ ውስጥ የሚጠጡት ከቧንቧ ላይ በመንቁር ከሚነካ ጠብታ ነው። ሳህን ላይ የተቀመጠ ውኃ ውኃ መሆኑን አያውቁም። እያንዳንዷን ያዙና የመንቁሯን ጫፍ ብቻ ውኃው ውስጥ ነከር አድርጉላት። አፍንጫዋ ድረስ እንዳይገባ። አንዷ ከጠጣች ሌሎቹ አይተው ይማራሉ።

መኖውን ቶሎ አትቀይሩ። የለመዱት የእንቁላል ጣይ መኖ ነው፤ ለአንዷ በቀን 120 ግራም ገደማ አቅርቡላቸው። እንዲያውም ከእርባታው ጥቂት ኪሎ ገዝታችሁ ኑ። ስንዴና የበቆሎ ክክ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚጨመረው። የብዙዎቹ መንቁር ጫፉ የተቆረጠ ስለሆነ ከመሬት መልቀም ይቸገራሉ። ዕቃው ጠለቅ ያለ ይሁን። የእንቁላል ቅርፊት አድርቃችሁ፣ በምጣድ አመስ አድርጋችሁና ፈጭታችሁ በሌላ ዕቃ አስቀምጡላቸው። ሻጋታ የነካው እንጀራና እህል፣ ጨው የበዛበት ትራፊ፣ አቮካዶና ያልበሰለ ቦሎቄ ግን ፈጽሞ አይቅረቡ።

ሲመሽ ራሳቸው ቤት አይገቡም። ኬጅ ውስጥ ማታ የሚባል ነገር የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ነው። 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ውጡና አንድ በአንድ አንስታችሁ ቆጡ ላይ አስቀምጧቸው። በሳምንት፣ ግፋ ቢል በአሥር ቀን ይለምዱታል።

አመድና ደረቅ አፈር ቀላቅላችሁ በአሮጌ ጎማ ወይም በሳፋ አስቀምጡ። ቅማልን የሚያራግፉት በዚህ ነው። የመጀመሪያዋን ዶሮ ሳይ የተሰማኝን አልረሳውም። ጎማው ጠርዝ ላይ ቆማ አንገቷን ወዲያና ወዲህ እያዘነበለች ረጅም ሰዓት አየችው። አንድ እግሯን አስገባች፣ መልሳ አወጣች። እንደገና አስገባችና አንዴ ጫር አደረገች። ከዚያ ጉልበቷ የከዳት ይመስል በአንድ ጎኗ ወደቀች። ደንግጬ ተነሳሁ። ክንፏን ዘርግታ አመዱን እላይዋ ላይ ስትበትነው ነው የገባኝ። ያስተማራት የለም፤ ከውስጧ ነበር። ዓይኗን ጨፍና፣ ራሰ በራው ጀርባዋ ግራጫ እስኪሆን ተንከባለለች።

ጀርባቸው ባዶ የሆነውን የቀትር ፀሐይ ያቃጥላቸዋል፤ ጥላ አዘጋጁላቸው። ሹራብ ማልበስ ግን አያስፈልግም። ልብሱ ከረጠበ ብርዱ ይብሳል፣ የሚበቅለውንም ላባ ይፈገፍገዋል።

5. 21 ቀን ለብቻ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ ብዙ ዶሮ የሚያልቀውም እዚህ ነው። አደጋው ከሁለት ወገን ነው። የተከተበች ዶሮ ራሷ ጤነኛ መስላ የፈንግል ቫይረስ ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ያልተከተቡት የእናንተ ዶሮዎች በጥቂት ቀን ውስጥ ያልቃሉ። በሌላ በኩል የኬጅ ዶሮ ኩሷ ከሥሯ እየወደቀ ስለኖረች ግቢያችሁ አፈር ውስጥ ካለው፣ ኮክሲዲያ ከሚባለው የአንጀት ተውሳክና ከሆድ ትል ጋር አትተዋወቅም። የሐበሻ ዶሮዎቻችሁ የለመዱት እሷን ሊጥላት ይችላል።

ስለዚህ 21 ቀን ሙሉ ቢያንስ ጥቂት ሜትር ተራርቀው ይቆዩ። የውኃና የመኖ ዕቃ አይጋሩ። ለአዲሶቹ የተለየ ጫማ መድቡ። ሁልጊዜ ነባሮቹን መግባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ አዲሶቹ ሂዱ፣ ስትመለሱም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በየጠዋቱ ኩሳቸውን እዩ። ደም የቀላቀለ ከሆነ የዚያኑ ዕለት የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የትል መድኃኒትም በዚሁ ጊዜ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ስጡ። ለማንኛውም መድኃኒት እንቁላሉ ለስንት ቀን እንደማይበላ መጠየቅ እንዳትረሱ።

ማታ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ቆጡን ከሥሩ ተመልከቱ። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቃ ሌሊት ደም የምትመጥ ቀይ ተባይ አለች። ነጭ ጨርቅ በእንጨቱ ሥር ስታሳልፉ ደም ከነካው እሷ ናት።

6. በሽቦ መሐል መተያየት

ከ21 ቀን በኋላ አዲሶቹን ነባሮቹ ወደሚውሉበት አቅርቧቸው፤ በመሐላቸው ግን የሽቦ አጥር ይኑር። አንድ ሳምንት እንዲህ ይዋሉ። መጀመሪያ ነባሮቹ አንገታቸውን አስረዝመው፣ ላባቸውን ነፍተው በአጥሩ ላይ ይመላለሳሉ። ተዉአቸው። የመኖ ዕቃዎቹን ከሽቦው ግራና ቀኝ አቀራርቡና ጎን ለጎን እንዲበሉ አድርጉ። አጥሩ እያለም ቢሆን ማን ማን እንደሆነ ይለያሉ።

ኖርዌጂያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ ገና ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ ሲመለከት ኖሮ፣ ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ ተራ እንዳላቸው የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። አንድ አዲስ ዶሮ ስትጨመር ያ ተራ እንዳለ ይፈርሳል። መናቆሩ ክፋት አይደለም፤ ተራውን እንደገና እየሠሩት ነው። የኛ ሥራ ሲሠሩት ማንም እንዳይጎዳ ማድረግ ነው።

7. አጥሩን መክፈት

ሰፊ ቦታ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት በምትሆኑበት ቀን ክፈቱት። በጠባብ ቤት ውስጥ አይሞከርም። የመኖና የውኃ ዕቃ ከወትሮው በአንድ ወይም በሁለት ጨምሩና ተራርቀው ይቀመጡ። አንዷ አንዱን ብትጠብቅ ሁሉንም ልትጠብቅ አትችልም። መሸሸጊያም አዘጋጁ፦ ግድግዳ ላይ ዘመም ያለ ጣውላ፣ በሁለት በኩል ክፍት የሆነ ሳጥን፣ ቁጥቋጦ። ሁለት መውጫ የሌለው መሸሸጊያ ወጥመድ ነው። ጎመን በዶሮዎቹ ቁመት ልክ አንጠልጥሉ፤ ሁሉም እዚያ ላይ ይጠመዳሉ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ይበቃል። በየቀኑ እየጨመራችሁ በሳምንት ውስጥ ሙሉ ቀን አድርሱት።

መነቆር፣ ማባረር፣ ደረት ለደረት መጋጠም ሲያጋጥማችሁ አትግቡ። ልብ ይረብሻል፣ ግን ባቋረጣችሁ ቁጥር ነገ እንደ አዲስ ይጀምሩታል። ደም ካያችሁ ግን ወዲያው ግቡ። ዶሮ ቀይ ነገር ካየች አታቆምም፤ ሌሎቹም ይከተሏታል። የቆሰለችውን ለይታችሁ በንጹሕ ውኃ እጠቧት፣ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚሸጠውን ሰማያዊ የቁስል መርጫ ተጠቀሙ፣ ሲሽር መልሷት። አንዷ ነባር ብቻ አላስቀምጥ ካለች የሚለየው እሷው ናት። ሁለት ሦስት ቀን ለብቻዋ ቆይታ ስትመለስ የቀድሞ ቦታዋን አታገኘውም፣ ጉልበቷም ይበርዳል።

አውራ ዶሮ ካላችሁ ብዙ ጊዜ ጠብ ያበርዳል። ጀርባቸው ላባ እስኪያወጣ ግን ከአዲሶቹ ጋር ባይገናኝ ጥሩ ነው፤ ሲወጣባቸው በጥፍሩ ቆዳቸውን ይሰነጥቀዋል።

እንቁላል እንደ እርባታው አትጠብቁ። እዚያ በመብራት 16 ሰዓት ያህል ይበራላቸው ነበር። የእኛ አገር ቀን 12 ሰዓት ገደማ ነው። ላባ ማብቀል ሲጀምሩም ለሳምንታት ያቆማሉ፤ የሚበሉትን ወደዚያ ስለሚያውሉት ነው። ሲመለሱ አንዳንዱ ቅርፊቱ ስስ ይሆናል። ሁሉም ላይተርፉ እንደሚችሉም እወቁ። ከአራቱ አንዷ ከነእንክብካቤው ብትሞት ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል፤ ሆዳቸው ውስጥ የሚቀር እንቁላል ብዙዎቹን ይገድላል።

መላመዳቸውን ለማወቅ ሌሊት ቆጡን እዩ። መጀመሪያ ነባሮቹ ከላይ፣ አዲሶቹ ከታች ወይም መሬት ላይ ተፋፍገው ታገኟቸዋላችሁ። አንድ ማታ ባትሪውን ስታበሩ ቀይዋ ፈረንጅ ከገብስማዋ ሐበሻ ጎን ተጠግታ፣ አንገቷን ክንፏ ሥር ቀብራ ትተኛለች። ከዚያ ማታ በኋላ መሐል ላይ የነበረውን ሽቦ ጠቅልላችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ተጨማሪውን የመኖ ዕቃ ግን እዚያው ተዉት።