ሎግ አውት ሲሉት የሚያብድ ዴስክቶፕ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ቀኑን ሙሉ ሰላም ሲሰራ የዋለ ኮምፒውተር ልክ ሎግ አውት ሲሉት ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፣ ወይ "ሳይኒንግ አውት" ላይ እየተሽከረከረ ይቀራል፣ ወይ ድርግም ብሎ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል። እዚህ ባህር ዳር ዴስክቶፕ መጠገን ከጀመርኩ ጀምሮ ይሄን ችግር ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ "ቫይረስ ገብቶበት ነው" ነው። ቫይረስ ሆኖ ያገኘሁት በጣም ጥቂቱን ነው። ፎርማትም አያድነውም፣ ሁለት ሳምንት አስታግሶት ተመልሶ ይመጣል፣ እስከዛ ፎርማት ያደረገው ልጅ ብሩን በልቷል።

ራም አውጥቶ መሰካት፣ ፋን ማፅዳት ምናምን ሞክራችኋል ብዬ ነው የምፅፈው።

መጀመሪያ ይቺን ለዩ። የዊንዶውስ ቁልፍና ኤል አንድ ላይ ነክታችሁ ሎክ አድርጉት። ሎክ ሲሆንም ከወደቀ፣ ወይ ስክሪኑ ራሱ ሲጠፋ ከወደቀ፣ ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨር ነው፤ አጥፉትና ከአምራቹ አውርዳችሁ እንደገና ጫኑ፣ የኛን ጉዳይ ተዉት። ሎክ ላይ ደህና ሆኖ ሎግ አውት ላይ ብቻ ከወደቀ ግን ቀጥሉ። "የኔ እንኳን ሎግ አውት ላይ ሳይሆን ሻት ዳውን ላይ ነው" የምትሉም አብራችሁ ቀጥሉ፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን ማለት መጀመሪያ ሎግ አውት አድርጎ ከዛ የቀረውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ መተኛት ነው።

ለምን ሎግ አውት ላይ? ሎግ አውት ለማሽኑ የቀኑ ሂሳብ መዝጊያ ነው። ጠዋት ከፍታችሁ የረሳችኋቸው ፕሮግራሞች ከራም ወጥተው ዲስክ ላይ ፔጅ ፋይል ውስጥ ተኝተው ነው የሚውሉት፣ ለመዘጋት ደሞ መቀስቀስ አለባቸው፣ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከዲስክ ይነበባሉ፣ በዛው ቅፅበት የዩዘሩ ሴቲንግ ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ ፋይል ላይ ይፃፋል። ዲስኩና ማዘርቦርዱ መሀል ያለው መንገድ ትንሽ የሚያነክስ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሳያስታውቅ ውሎ እዚች ጋ ይጋለጣል።

መንገዱ ማለት ደሞ ሳታ ኬብሉ ነው። እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ እሱ ናቸው።

ማረጋገጫው እንዲህ ነው። ኢቨንት ቪወር የሚባለውን፣ ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን፣ ከፍታችሁ ሲስተም የሚለው ውስጥ ግቡ። ከርነል ፓወር 41 የሚለውን ቀይ ምልክት አይታችሁ እለፉት፤ ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ እንደጠፋ ከመናገር ውጪ ምንም አይልም፣ ስንቱ እሱን አይቶ አዲስ ፓወር ሰፕላይ እንደገዛ ብነግራችሁ። እናንተ ከወደቀበት ሰአት በፊት ያሉትን ደቂቃዎች እዩ። ኢቨንት አይዲ በሚለው ስር 129 ካለ ዲስኩ አልመልስ ብሎ ሪሴት ተደርጓል፣ 153 ካለ ያልተሳካ ንባብ ወይ ፅሁፍ ተደግሟል፣ 51 ካለ ፔጂንግ ላይ ስህተት ገጥሟል። ዲስክ ከሚለው ስም ጎን 7 ካለ ግን ባድ ብሎክ ነው፣ ዲስኩ ራሱ ታሟል።

ሰማያዊው ስክሪን ላይ ብዙ ጊዜ "ከርነል ዳታ ኢንፔጅ ኤረር" ይላል፣ ቁጥሩ 7ኤ ነው። ባግ ቼክ 1001 የሚለውን እዛው ኢቨንት ቪወር ውስጥ ፈልጉና ቅንፍ ውስጥ ካሉት አራት ቁጥሮች ሁለተኛውን ተመልከቱ፦ በ9ሲ ካለቀ ባድ ሴክተር፣ በ9ዲ ወይ በ185 ካለቀ ኬብል ወይ አሰካክ። 1001 ጭራሽ ከሌለስ? እሱም መልስ ነው። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ከመስመር ስለወጣ ዊንዶውስ የአደጋውን መዝገብ የሚፅፍበት ቦታ አጥቷል ማለት ነው፣ ለዛ ነው ስክሪኑ ላይ ፐርሰንቱ 0 ላይ ተገትሮ የሚቀረው።

ከዛ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ሲ7 (C7) የሚለው ረድፍ ኬብል ላይ ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ ቆጠራ ነው። ሲ5 (C5) ደሞ ዲስኩ ማንበብ አቅቶት በቀጠሮ ያስቀመጣቸው ሴክተሮች ናቸው። ሲ7 እየጨመረ ሲ5 ዜሮ ከሆነ በደስታ ኬብል ቀይሩ። ሲ5 ካደገ ዲስክ የምትገዙበትን ብር ፈልጉ። የሲ7 ቁጥር ኬብል ብትቀይሩም ወደ ዜሮ አይመለስም፣ ስለዚህ ዛሬ ስንት እንደሆነ ወረቀት ላይ ፃፉት፣ ቁም ነገሩ መጨመሩ ነው። አንዳንድ ርካሽ ኤስኤስዲ ሲ7ን ጭራሽ አያሳይም፣ ምን ይደረግ።

አሁን ያቺን ታሪክ ላውራ። ፔዳ በር፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ አካባቢ፣ አንዲት እናት ጽሕፈት ቤት አላቸው፣ ግንቦት ነው፣ ተማሪው መመረቂያ ፅሁፉን ይዞ የሚሰለፍበት ወቅት። "አንተ ልጅ፣ አራት ጊዜ ፎርማት አስደረግሁት፣ ሱቅ ሲወስዱት ይሰራል፣ እኔ ጋ ሲመለስ ያብዳል፣ ቤቴን ቡዳ ነው የበላው?" አሉኝ። ወስጄ ሁለት ቀን ሞከርኩት፣ ምናልባት ሃምሳ ጊዜ ሎግ አውት ብዬዋለሁ፣ ወይ ፍንክች። መለስኩላቸው። ማታውኑ ደወሉ። አፍሬ ሄድኩ፣ ክዳኑን ከፈትኩት፣ ሰራ፣ "አዩ እትዬ ደህና ነው" ብዬ ክዳኑን ገጥሜ ሎግ አውት ስለው ፊታቸው ላይ ወደቀ! ያኔ ነው የገባኝ። ኬብሉ ጫፉ ቀጥ ያለ ነው፣ ዲስኩ ደሞ ከኬዙ ጎን ቅርብ ነው የታሰረው፣ ክዳኑ ሲገጠም ኬብሉን ይጫነውና ሶኬቱ በአንድ ወገን ይነሳል። እኛ ጠጋኞች ሁላችን ክዳን ከፍተን ነው የምንሞክረው፣ የማሽኑ ባለቤት ግን ዘግተው ነው የሚሰሩት። አራቱም ፎርማት፣ የኔም ሁለት ቀን፣ ጫፉ የታጠፈ ኬብል አጥቶ ነው። ቡዳው ክዳኑ ነበር።

ሌላው ኬብል የሚያላላው ባጃጅ ነው። ደንበኞች ማሽኑን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ኮብልስቶን ለኮብልስቶን ያመጡታል፣ ኬብሉ ማሰሪያ ብረት ከሌለው እኔ ጋ ሳይደርስ ላልቷል። እኔ ስነካካው ይጠብቅና "ምንም የለውም" ብዬ እመልሰዋለሁ፣ ሲመለስ በዛው ባጃጅ እንደገና ይላላል። ሐይቁ ዳር ያሉ ቢሮዎች ደሞ ክረምት ላይ ይብስባቸዋል፣ በጋውን የገባው አቧራ እርጥበት ሲጠጣ ርካሹ ኬብል ውስጥ ያለው ስስ ብረት ይደበዝዛል። ራም እንደምታደርጉት በላጲስ ለማሸት አትሞክሩ። ኬብል አይታከምም፣ ይጣላል።

ጥገናው፦ ማሽኑን አጥፉ፣ የመብራቱን ገመድ ንቀሉ፣ ፓወሩን ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አራግፉ። አዲሱ ኬብል ጠቅ ብሎ የሚይዝ ብረት ያለው ይሁን፣ ክዳኑ ቅርብ ከሆነ አንድ ጫፉ የታጠፈ ይሁን። ከሌላ ሞች ማሽን የተነቀለ ኬብል እንዳትሰኩ፣ ያ ማሽን በምን እንደሞተ ታውቃላችሁ? ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ቦታም ቀይሩ፣ ሶኬቱም ላልቶ ሊሆን ይችላል። ኬብሉን አጥፋችሁ በፕላስቲክ ማሰሪያ አታንቁት፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ቀጭን ነው።

ተጠንቀቁ! ለዲስኩ ፓወር የሚሰጠው ከአሮጌው ባለ አራት ቀዳዳ ሞሌክስ ወደ ሳታ የሚቀይር ቁራጭ ከሆነ እዩት። ፕላስቲኩ ሽቦው ላይ ቀልጦ የፈሰሰበት አይነት ከሆነ አውጥታችሁ ጣሉት፣ ውስጡ ሽቦዎቹ ተጠጋግተው ይነካካሉ፣ ከዛ ይቃጠላል። አንዱን ጠቁሮ ዲስኩ ላይ ተጣብቆ አግኝቼዋለሁ፣ ሽታው ለሳምንት ሱቄን አልለቀቀም።

ሁለተኛ፣ ይሄን በትልቁ አንብቡት፦ ሲ5 ያደገ ዲስክ ላይ ዳታ ሳትገለብጡ ቸክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ አታስነሱ! የታመመን ዲስክ ከጫፍ ጫፍ ማስነበብ ማለት ሰፈር ለሰፈር እያስሮጡ መግደል ነው። የሰው የሰርግ ፎቶ እንዲህ አልቆ ሲመጣ ምን ብዬ እንደምመልስ ግራ ይገባኛል። መጀመሪያ ግልበጣ፣ ከዛ ሌላው።

ኬብሉ ተቀይሮ ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ በኋላ "ቴምፖራሪ ፕሮፋይል" እያለ ባዶ ዴስክቶፕ የሚያሳያችሁ ከሆነ፣ በወደቀ ቁጥር የዩዘሩ ሬጂስትሪ ፋይል ግማሽ እየተፃፈ ተበላሽቷል። ሬጂስትሪ ውስጥ ገብታችሁ አትቆፍሩ፣ አዲስ ዩዘር ክፈቱና ዶክመንት፣ ፎቶ፣ ዳውንሎድ የሚሉትን ብቻ ገልብጡ።

ብርቅ የሆኑት ምክንያቶች፦ ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ ከጫናችሁ አንዱን አንሱ። የድሮ ፕሪንተር አብሮት የመጣው ፕሮግራም አልዘጋም ሊል ይችላል፣ ድራይቨሩን ትታችሁ ፕሮግራሙን አጥፉ። ሰማያዊው ስክሪን በወደቀ ቁጥር ሌላ ሌላ ስም ከሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ራም ነው፣ ሜም ቴስት በሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን አሳድሩት።

ሁሉንም ካደረጋችሁ በኋላ ክዳኑን ዝጉ፣ በብሎን እሰሩት፣ ከዛ አስር ጊዜ ሎግ አውት በሉትና ሲ7ን ወረቀቱ ላይ ከፃፋችሁት ጋር አስተያዩ።