ፖለቲካዊ ዘጋቢ ፊልሞችን በፌስቲቫል ላይ እንዴት እንመልከት? ከጎጃም ለሚነሳ ተመልካች

ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም ለሚኖር ሰው ዘጋቢ ፊልም ማለት ብዙውን ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ የሚያየው ነው። ፌስቲቫል ላይ ማየት ግን ለየት ይላል። ከማታውቁት ሰው ጎን ተቀምጣችሁ ታያላችሁ። ሲያልቅ መብራት ይበራና ብዙ ጊዜ ፊልሙን የሠራውን ሰው ፊት ለፊት ትጠይቃላችሁ። ስለ ሥልጣን፣ ስለ መሬት ወይም ስለ ጦርነት የሚናገር ፊልም እንዲህ ባለ ቦታ ነው መታየት ያለበት። ሠሪው መልስ ለመስጠት እዚያው አለና።

መጀመሪያ፦ የትና መቼ

አዲስ አበባ ላይ ኢኒሼቲቭ አፍሪካ የሚያዘጋጀው አዲስ ኢንተርናሽናል ፊልም ፌስቲቫል ትኩረቱ ዘጋቢ ፊልም ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የሰብአዊ መብቶችን ቀን አስታኮ የፊልም ፌስቲቫል ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ቀኑ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ የአዘጋጆቹን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ተከታተሉ። ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውንና የሙሉዓለም የባህል ማዕከልን ማስታወቂያ አትለፉ።

አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዓባይ በረሃን ማቋረጥ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ፤ አንድ ቀንም ቀደም ብላችሁ ግቡ። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ምርጫው

የፌስቲቫሉን ፕሮግራም እንዳገኛችሁ ከአጭር መግለጫው በተጨማሪ አራት ነገር እዩ፦ ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ በምን ቋንቋ ነው። ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነና ካስቸገራችሁ አብሯችሁ የሚያይ ሰው ፈልጉ። በቀን ከሁለት ፊልም በላይ አትያዙ። ሦስተኛው ላይ ዓይን ያያል፣ ልብ ግን አይቀበልም።

እኔ የምመክረው አንዱን ስለምታውቁት ጉዳይ፣ ሌላውን ጭራሽ ስለማታውቁት አገር እንድትመርጡ ነው። መሬትና ግብር የሚነሳበት ፊልም ካለ አትለፉት። በዚህ ጉዳይ የጎጃም ሰው የሚለው አያጣም።

እያዩ ማሰብ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 እ.ኤ.አ. የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደግሞ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያንኑ ፊልም አስተላለፈ። ግን እንዳለ አልነበረም። በረሃብተኞቹ ምስል መሀል የቤተ መንግሥት ድግስ እየገባ ነበር የታየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ረሃቡ እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ግን ካሜራው አይደለም። በዚያ ሰዓት ይህ ቅንብር እንዲታይ የፈለገ አካል ነበር። ስለዚህ ምስል ሲቀየር ሁሉ "ይሄ ከዚያኛው ቀጥሎ የመጣው ለምንድን ነው?" በሉ።

ጎጃም ሙግት የሚያውቅ አገር ነው። አንድ ከሳሽ ቆሞ ሲናገር የሚሰማ ሽማግሌ ወዲያው አይፈርድም፤ ምስክሩ ማነው፣ ተከሳሹስ የት አለ ይላል። ፊልሙንም እንደዚያ ስሙት። ማን እየተረከ ነው? ስሙ እየተነሳ እሱ ራሱ የማይናገር ማነው? የድሮው ምስል የየትኛው ዓመት ነው? ሙዚቃው ቢጠፋ ያው ስሜት ይሰማኝ ነበር?

አንዳንድ ፊልም አንድ ወገን ብቻ መያዙን አይደብቅም፤ ያ ነውር አይደለም። የታማራ ዳዊት "ፋይንዲንግ ሳሊ" (2020 እ.ኤ.አ.) ኢሕአፓን ተቀላቅላ ስለጠፋች አክስቷ ነው። የቀይ ሽብርን ዘመን የምናየው በቤተሰቡ ሴቶች አንደበት ነው። እዚህ የምትጠይቁት ሌላ ነው፤ ባለሥልጣኑ ያልነገረንን ይህ ቤተሰብ ምን ነገረን?

ትንሽ ደብተር ያዙ። ጨለማ ውስጥ ዓረፍተ ነገር አይጻፍም፤ አንድ ቃል ይበቃል፦ "ድልድዩ"፣ "ዝም ያለው ሰውዬ"። ስልክ ይጥፋ። መብራቱ ለሌላው ይረብሻል፣ ፊልሙን መቅረጽ ደግሞ ስርቆት ነው።

ጥያቄና መልስ

እጃችሁን ቶሎ አውጡ። ስማችሁንና ከየት እንደመጣችሁ ባጭሩ ተናገሩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ማይክ ጨብጦ አሥር ደቂቃ የሚያወራ ሰው የሌላውን ዕድል ይበላል። "ለምን ዋሻችሁ?" ከማለት "የወረዳው አስተዳዳሪ ስማቸው ሦስት ጊዜ ተነስቷል፤ እሳቸውን ለማነጋገር ሞክራችሁ ነበር?" ማለት ይሻላል። እንዲህ የተጠየቀ ዳይሬክተር ተሸፋፍኖ ማለፍ ይከብደዋል።

እኔ ሁሌም መጠየቅ አለበት የምለው ግን ይህን ነው፦ "ፊልሙ ውስጥ የተናገሩት ሰዎች ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ናቸው?" ፊታቸውን አሳይተው ስለ ፖለቲካ የተናገሩ ሰዎች አገራቸው ላይ ይቀራሉ፤ ፊልሙ ግን ዓለም ይዞራል። ለዚህ መልስ የሌለውን ሠሪ እኔ አላምነውም። በዚያው ልክ እናንተም አዳራሹ ውስጥ ሐሳቡን የሰጠን ሰው ሳታስፈቅዱ ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ።

ከዚያ በኋላ

ወዲያው አትበተኑ። ቡና ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ፤ ሌላው ያየውን እናንተ አላያችሁትም ይሆናል።

አገር ቤት ስትመለሱ ደግሞ ያያችሁትን ለትልልቆች አጫውቱ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ላይ ተነስቶ ነበር። ሞጣና ቢቸና አካባቢ ያንን ጊዜ በልጅነታቸው የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ። ስለ ሩቅ አገር ገበሬ የተሠራ ፊልም ስትነግሯቸው የሚያነሱት ጥያቄ ከአዳራሹ ጥያቄ ሊበልጥ ይችላል።

ፊልሙን በጣም ከወደዳችሁት እዚያው ሳላችሁ የዳይሬክተሩን አድራሻ ተቀበሉና ደብረ ማርቆስ ወይም ዳንግላ ላይ ለማሳየት ፈቃድ ጠይቁ። ላፕቶፕ፣ ፕሮጀክተር፣ ደህና ድምፅ ማጉያና ጨለማ የሚሆን ክፍል ይበቃል። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ለአዳራሹም አስቀድማችሁ የሚመለከተውን አካል አናግሩ።