ትንሿ ትራክተር ስትሮጥባችሁ
ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር በመስኖ ሽንኩርት የምታለሙ ሰዎች፣ ያረጀች የጓሮ ትራክተር ካለቻችሁ ይቺን ያዙልኝ። አንደኛ ማርሽ ላይ እንኳ እየሮጠች መደቡን ካፈረሰችባችሁ፣ ነዳጅ ቀንሶ መንዳት አያዋጣም። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ማራገቢያው የሚዞረው በራሱ በሞተሩ ዙር ነው። ዙሩን ቀንሳችሁ ከባድ አፈር ስታስጎትቱት ይግላል፣ ጉልበትም ያጣል።

ነገሩ ያለው ፑሌው፣ ቺንጊያው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት ላይ ነው። ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው ኃይል የሚሄደው በቺንጊያ ከሆነ፣ የሞተሩን ፑሌ ከሱ ባነሰ ፑሌ ለውጡት። 10 ሴንቲሜትር የነበረውን በ8 ብትተኩት ፍጥነቷ በ20 በመቶ ይወርዳል። የመጎተት ጉልበቷ ደግሞ በ25 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የካምቢዮውን ፑሌ ማተለቅም ያው ነው፣ ግን ቦታ ይጠባል።

ፍጥነት መጨመር የሚያምራቸውም አሉ። ደሴ ላይ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ይዞ! ፍሬኗ የተሠራው ለድሮው ፍጥነቷ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

ስትሠሩ መጀመሪያ ካንዴላዋን ንቀሉ። አሮጌውን ፑሌ ይዛችሁ ቶርኖ ቤት ሂዱ፤ የመሃል ቀዳዳውና የቺንጊያው መግቢያ ስፋት በቃል አይነገርም። ከገጠማችሁ በኋላ ሁለቱ ፑሌዎች በአንድ መስመር መቆማቸውን በተወጠረ ሲባጎ እዩ። ትንሽ ከተዛነፉ የቺንጊያው ጠርዝ እየተላጠ ያልቃል። ፑሌው ስላነሰ ቺንጊያው መላላቱ አይቀርም። መወጠሪያው ካልደረሰለት አጠር ያለ ግዙ።