የማርሽ መቀየሪያ አጋዥ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለ ማርሽ ካርት (ትንሿን የውድድር መኪና) የምትነዱ አማተር ተወዳዳሪዎች፣ ለኤሌክትሮኒክ ማርሽ መቀየሪያ አጋዥ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የምድባችሁን የቴክኒክ ደንብ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። በብዙ ደንቦች በግልጽ ያልተፈቀደ ነገር ሁሉ እንደተከለከለ ይቆጠራል። ኬዜድ (KZ) በሚባለው ዓለም አቀፍ የባለ ማርሽ ካርት ምድብ፣ ለምሳሌ፣ ማርሽ የሚቀየረው በሜካኒካል መንገድ ብቻ ነው፤ የሞተሩን እሳት የሚያቋርጥ መሣሪያ አይፈቀድም።

አጋዡ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ማርሹን ስትስቡ የካንዴላውን እሳት ለቅጽበት ይቆርጣል፣ በማርሽ ጥርሶቹ ላይ ያለው ጫና ይላላል፣ ፍሪሲዮን ሳይነካ ቀጣዩ ማርሽ ይገባል። እሳቱ የሚቋረጥበት ጊዜ ከሚገባው በላይ ካጠረ ግን ጥርሶቹ ጫናው ሳይላላ ይጋጫሉ። ጠርዛቸው እየዶለዶመ ይሄድና ማርሹ በራሱ መውጣት ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ ካምቢዮ የሚያስፈታ ጉዳት ነው።

እኔ አስቀድሜ የምመክረው ሌላ ነው። ሞተሩን አጥፉና የማርሹን መሳቢያ ይዛችሁ ወዲያ ወዲህ ወዝውዙት። ካምቢዮው ሳይነካ መሳቢያውን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ብቻ የሚንገዋለል ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው ጫፎቹ ላይ ባሉት መገጣጠሚያዎች ነው። በዚያው ዓይነት አዲስ ዕቃ ተኳቸው፤ ብዙ ጊዜ አጋዥ መፈለጉ ራሱ ይቀራል።

የተሻሻሉ ክፍሎችን አንድ በአንድ ግጠሙ፣ ከፋብሪካ የመጡትንም አትጣሉ፣ አስቀምጡ። ማርሚታ ወይም ካርቡሬተር ከቀየራችሁ ካንዴላውን ፈትታችሁ ተመልከቱ። ጫፉ ከነጣ ነዳጅ አንሶታል፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር በዚህ ሁኔታ ሲገፋ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። ማኅተም ያለበትን ሞተር ግን ፈጽሞ አትክፈቱ።