የከርነል ኮድ ስንገመግም የምናሳልፋቸው የፓራሜትር ስህተቶች

የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ፓች፣ ማለትም የኮድ ለውጥ፣ ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የማየው የፋንክሽኑን ውስጥ ሳይሆን ፋንክሽኑ የተጠራበትን መስመር ነው፤ ፋንክሽን የሚጻፈው አንድ ጊዜ ሲሆን የሚነበበው ግን በተጠራበት ቦታ ሁሉ ነውና።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ያለ ስም የተደረደረ ትሩ እና ፎልስ ነው። አንዱ ጀማሪ አንድ ቡሊያን (ትሩ ወይም ፎልስ ብቻ የሚቀበል ፓራሜትር) ይጨምራል፤ ከወራት በኋላ ሌላው ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን ይደርብበታል፤ በመጨረሻ ከመሣሪያው ጠቋሚ ቀጥሎ «ትሩ፣ ፎልስ፣ ትሩ» የሚል ጥሪ እናገኛለን። መካከለኛው ፎልስ «አትቆልፍ» ይሁን ወይስ «አትተኛ» ለማወቅ ሌላ ፋይል መክፈት ግድ ነው፤ ሲመሽ የመጨረሻውን ፓች የሚያይ ገምጋሚ ደግሞ ፋይሉን አይከፍትም። ስፒንሎክ (የያዘው ኮድ መተኛት የማይፈቀድለት ቁልፍ) በተያዘበት ቦታ የሚተኛ ኮድ ሾልኮ የሚገባው እንዲህ ነው። የከርነሉ የአጻጻፍ መመሪያ ራሱ እንዲህ ያሉትን ብዙ ቡሊያኖች ወደ አንድ የፍላግ ፓራሜትር (እያንዳንዱ ቢት አንድ አማራጭ ወደሚወክልበት ቁጥር) መሰብሰብን ይመክራል፤ እያንዳንዱ ቢት ስም ሲኖረው ጥሪው ራሱ ይናገራል። ቡሊያኑ የፋንክሽኑን ሥራ ከሥሩ የሚለውጥ ከሆነ ግን ፍላግም አያድነውም፤ ለሁለት ፋንክሽን ይከፈል።

መለኪያውን የማይናገር ቁጥር ሌላው ነው፤ ይህን እኔም አሳልፌያለሁ። በአንድ ድራይቨር ውስጥ «ታይምአውት» ለተባለ ፓራሜትር ጠሪው ሚሊሰከንድ መስሎት 100 ሰጠ፤ ፋንክሽኑ የሚቀበለው ግን ጂፊ (የከርነሉ የሰዓት ምት) ነበር። የሞከርኩበት ማሽን ኤችዜድ (በሰከንድ ያለው የጂፊ ብዛት) 1000 ስለነበረ 100 ጂፊ ልክ 100 ሚሊሰከንድ ሆነና ምንም አልታየኝም። ኤችዜድ 100 በሆነ ቦርድ ላይ ያው ቁጥር አንድ ሙሉ ሰከንድ ሆኖ፣ ምላሽ ባጣ ቁጥር መሣሪያው ደርቆ ይቆም ነበር። የፓራሜትሩ ስም መጨረሻ ላይ «ኤምኤስ» ተጨምሮ ወደ ጂፊ መለወጡ በፋንክሽኑ ውስጥ ቢደረግ ኖሮ ጠሪው ባልተሳሳተ ነበር።

ኬማሎክ (በከርነሉ ውስጥ ሜሞሪ የሚሰጠው ፋንክሽን) ሲጠራ መጠንና ፍላግ ቦታ ቢቀያየሩ፣ ሁለቱም ኢንቲጀር ስለሆኑ ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል፤ የፍላጉ ዓይነት ለብቻው ምልክት ስለተደረገበት ስፓርስ (የከርነል ኮድን ሳያስኬድ የሚፈትሽ መሣሪያ) ግን ይይዘዋል። ስፓርስን ሳያስኬዱ ፓች አይላኩ።

በሲስተም ኮል (ፕሮግራሞች ከርነሉን አገልግሎት በሚጠይቁበት ጥሪ) ላይ ደግሞ ያልታወቀ ፍላግን ዝም ብሎ መቀበል ለዘለቄታው የሚያስከፍል ስህተት ነው፤ ፋይል የሚከፍተው ሲስተም ኮል ኦፕን እንዲህ ስለሚያደርግ፣ በ2020 ከከርነል 5.6 ጋር የመጣው ኦፕንአት2 የማያውቀውን ፍላግ በኢኢንቫል (ልክ ያልሆነ ግቤት በሚል የስህተት ኮድ) እንዲመልስ ሆኖ ተሠራ። ይህ ፍተሻ በሌለበት አዲስ ሲስተም ኮል ላይ አልፈርምም።