የፖሊኢማይድን የሞለኪውል ሥዕል አይቶ ሙቀት ቻይነቱን እንዴት መገመት ይቻላል?

ሞባይል ጥገና ቤት ቆማችሁ ካያችሁ ያቺን ወርቃማ ቴፕ ታውቋታላችሁ። ጠጋኙ አንዱን ቺፕ በሙቅ አየር ሲነቅል፣ አጠገቡ ያሉትን የሚሸፍነው በእሷ ነው። ተራ ፕላስቲክ ብትሆን ቀልጣ ትጣበቅ ነበር። እሷ ግን ንቅንቅ አትልም። ካፕተን ትባላለች፤ የተሠራችው ከአሮማቲክ ፖሊኢማይድ፣ ማለትም ጠፍጣፋ የካርቦን ቀለበቶች ካሉት ሙቀት ቻይ ፕላስቲክ ነው። ምሥጢሩ ያለው የሞለኪውሉ ቅርጽ ላይ ነው። ሥዕሉን ማንበብ ከለመዳችሁ ያለ ምንም መሣሪያ ብዙ ነገር መገመት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎችን ለዩ፦ መቼ ይለሰልሳል? መቼ ይፈራርሳል? ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ሲለሰልስ ረጅሙ የሞለኪውል ሰንሰለት ሳይበጠስ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሲፈራርስ ግን ሰንሰለቱ ራሱ ይበጠሳል።

ቀጥሎ ቀለበቶቹን ፈልጉ። ባለ ስድስት ካርቦኑ ጠፍጣፋ ቀለበት ቤንዚን ነው (ከማደያ ከምንቀዳው ጋር አይምታታባችሁ)። ከእሱ ጋር የተጣበቀ፣ ናይትሮጅን ያለበት ባለ አምስት ጎን ቀለበት ታያላችሁ። ኢማይድ የሚባለው እሱ ነው። ቀለበት በአንድ ጎኑ ቢበጠስ እንኳ ሌላው ጎን ይይዘዋል። ብዙዎቹ አሮማቲክ ፖሊኢማይዶች ኦክስጅን በሌለበት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሳይፈራርሱ የሚቆዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፦ ማጠፊያዎቹን ቁጠሩ። በሁለት ቀለበቶች መካከል አንድ ኦክስጅን ወይም ነጠላ ካርቦን ከገባ፣ ልክ እንደ በር ማጠፊያ ሰንሰለቱን ያወዛውዘዋል። ካፕተን ውስጥ በእያንዳንዱ ተደጋጋሚ የሰንሰለቱ ክፍል ያለው ማጠፊያ አንድ ብቻ ነው፤ ለመለስለስ ከ350 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። አልተም የሚባለው ዘመዱ ግን ሦስት ማጠፊያ አለው፤ 217 ዲግሪ ላይ ይለሰልሳል። ይህ ጉዳት ብቻ አይደለም። አልተምን አቅልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ መጨመር ይቻላል። ካፕተን አይቀልጥም። ስለዚህ የኢማይድ ቀለበቶቹ ገና ያልተዘጉበትን ሰንሰለት በፈሳሽ መልክ አፍስሰው በስሱ ይዘረጉታል፤ ከዚያ 300 ዲግሪ ገደማ ሲያሞቁት ውሃ እየወጣ ቀለበቶቹ ይዘጋሉ።

ሰንሰለቱ ቀለበቱ ውስጥ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣም እዩ። ፊት ለፊት ከወጣ ዘንግ ይሆናል። ወደ ጎን ከወጣ ይጣመማል፣ መለስለሻውም ይወርዳል። ዘንግ የመሰሉት መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተደራርበው ይተኛሉ፤ ሲሞቁም ብዙ አይለጠጡም። የ1 ሜትር ካፕተን ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ቢጨምር 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ማጠፊያ የሌለው ዩፒሌክስ ኤስ የሚባል ሌላ ፖሊኢማይድ 1.2 ያህል፣ መዳብ ደግሞ 1.7 ነው። መዳብ የሚለጠፍበት ስስ ሰርኪት ላይ ልዩነቱ ከበዛ ፊልሙ ይጠቀለላል።

በመጨረሻ የጎን ተቀጽላዎችን እዩ። ፍሎሪን የተሸከሙ ወፋፍራም ተቀጽላዎች እንጀራው መሃል እንደገባ ድንጋይ ናቸው፤ መደራረቡን ያበላሹታል። የካርቦንና የፍሎሪን ማሰሪያ ግን ጠንካራ ስለሆነ ሙቀት ቻይነቱ ብዙም አይጎዳም። በፍሎሪኑ ቦታ ሃይድሮጅን ቢሆን ኖሮ አየር ውስጥ ሲሞቅ ቀድሞ የሚጠቃው እዚያ ጋ ነበር። ወርቃማው ቀለም የሚመጣው ኤሌክትሮን የበዛባቸውና ያነሰባቸው ክፍሎች ተጠጋግተው ሲተኙ ነው። ሲራራቁ ፊልሙ እንደ መስታወት ይጠራል። 2019 የወጣው የመጀመሪያው ጋላክሲ ፎልድ ስልክ ስክሪኑን የሸፈነው እንዲህ ባለ ቀለም አልባ ፖሊኢማይድ ነበር።