በመደበኛ ስልክ መስመር ብሮድባንድ ሲያስገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስልኩ ጥርት ብሎ ስለተሰማ ብቻ መስመሩ ለኢንተርኔት ይሆናል ማለት አይደለም። ለድምፅ ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለች ጠባብ መንገድ ትበቃዋለች። ኤዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ ኢንተርኔት የሚያመጣው ቴክኖሎጂ) ግን በዚያው በሁለት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ላይ ከ25 ኪሎ ሄርዝ ተነስቶ እስከ 1.1 ሜጋ ሄርዝ ይወጣል፤ የተሻሻለው ኤዲኤስኤል ቱ ፕላስ ከሆነ 2.2 ሜጋ ሄርዝ ይደርሳል። ለወሬ ምንም የማይል የላላ መጋጠሚያ ለኢንተርኔት እንቅፋት የሚሆነው ለዚህ ነው። ደግነቱ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ቤት ውስጥ ባለችው አጭር ገመድ ላይ ነው፤ እሷን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ማስተካከል ይችላል።

ስፕሊተር ሳይገጥሙ ወይም አዛውረው መግጠም

ስፕሊተር የስልኩን ድምፅና የኢንተርኔቱን ሲግናል የምትለይ፣ ሦስት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ሳጥን ናት። «ላይን» የሚለው ላይ ከግድግዳ የመጣው ገመድ፣ «ፎን» የሚለው ላይ ስልኩ፣ «ሞደም» ወይም «ኤዲኤስኤል» የሚለው ላይ ሞደሙ ይሰካል። ሞደሙ በስህተት «ፎን» ላይ ከተሰካ የኢንተርኔቱ ሲግናል እዚያው ይጣራና ይቀራል፤ የዲኤስኤሉ መብራት ቀኑን ሙሉ ብልጭ ድርግም ሲል ይውላል እንጂ ጸንቶ አይበራም።

ከዚህ የሚብሰው የሚረሳው ሁለተኛ ስልክ ነው። ሳሎን ያለው ስልክ በስፕሊተር ያልፋል፤ መኝታ ቤት ያለው ግን በቀጥታ ግድግዳ ላይ እንደተሰካ ይቀራል። ስልኩ በጠራ ቁጥር በመስመሩ ላይ በአስር የሚቆጠር ቮልት ይመላለሳል፤ እጀታው ሲነሳም የመስመሩ ጠባይ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ሞደሙ ይህን አይችለውም፣ ይቆረጥና እንደገና ይጀምራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሰው ስልክ ባነሳ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይጠፋል፣ በጆሮ ማዳመጫውም የሽሽታ ድምፅ ይሰማል። በዚያው ቁጥር የሚሠራ፣ በስፕሊተር የማያልፍ እያንዳንዱ ስልክና ፋክስ የየራሱ ፊልተር (የኢንተርኔቱን ሲግናል ከስልኩ የሚለይ ትንሽ ማጣሪያ) ያስፈልገዋል፤ አንዱ ብቻ ቢረሳ ሁሉንም ይበጠብጣል።

ጥፋተኛውን ለማግኘት ስልኮቹን በሙሉ ይንቀሉ፣ ሞደሙን ብቻ ያስቀሩ። ለጥቂት ሰዓታት ሳይቆረጥ ከቆየ ስልኮቹን አንድ በአንድ ይመልሱ። መቆራረጡ የጀመረው የትኛው ሲመለስ ነው? ችግሩ እዚያ ነው።

የስልክ ገመዱን ሳሎን ድረስ መጎተት

ሞደሙ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይሁን ተብሎ 20 ሜትር ጠፍጣፋ የስልክ ገመድ በየበሩ ሥር ይዘረጋል። ጠፍጣፋው ገመድ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ስላልተጠመዘዙ በዙሪያው ያለውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ሁሉ ይሰበስባል። ትክክለኛው ተቃራኒው ነው፦ ሞደሙ መስመሩ ወደ ቤት ከሚገባበት ሶኬት አጠገብ ይቀመጥ፣ የስልኩ ገመድ ከ2 እስከ 3 ሜትር አይለፍ፣ ሳሎን ድረስ የሚሄደው ከሞደሙ የሚወጣው የኔትወርክ ኬብል ይሁን። ካት 5ኢ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ያደርሳል።

መጋጠሚያዎቹንም ይመልከቷቸው። ሽቦ ለሽቦ ተጠምዝዞ በፕላስተር የታሰረ መጋጠሚያ በበጋ ደህና ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ እርጥበት ይገባበትና መዳቡ አረንጓዴ ይለብሳል። ፕላስተሩን ሲፈቱ ያ አረንጓዴ ከታየ ሽቦውን ወደ ኋላ ቆርጠው፣ ንጹሑን መዳብ አውጥተው ውስጡ ጄል ባለው የስልክ ሽቦ ማያያዣ ይጋጥሙት። ከመነካካትዎ በፊት መስመሩን ከመግቢያው ይንቀሉ፤ በመስመሩ ላይ 48 ቮልት ገደማ አለ፣ ስልክ ሲጠራማ ከዚያም በላይ ነው። ከቤት ውጭ ያለውን ሳጥንና ምሰሶ ግን ለቴክኒሻኖቹ ይተዉላቸው።

ድሮ ለሌላ ክፍል ተዘርግቶ አሁን ማንም የማይጠቀምበት ቅርንጫፍ ሽቦ ካለ ጫፉ ላይ ሳይሆን ከተገነጠለበት ቦታ ላይ ያላቁት። መጨረሻው ባዶ የሆነ ሽቦ ሲግናሉን እያንጸባረቀ ይመልሰዋል።

የማይሆን ዕቃ መግዛት

ከመግዛትዎ በፊት የዕቃውን ጀርባ ያገላብጡ። ለስልክ መስመር የሚሆነው ሞደም «ዲኤስኤል» ወይም «ላይን» የሚል ጠባብ የስልክ ቀዳዳ አለው። ሰፋፊ የኔትወርክ ቀዳዳ ብቻ ያለው ራውተር፣ ወይም ለፋይበር የተሠራ ዕቃ፣ ምንም ያህል ውድና አዲስ ቢሆን ከመዳብ ሽቦ ጋር አይገናኝም።

መብራቱን ሳያነቡ ሪሴት መጫን

ኢንተርኔት ሲጠፋ መርፌ ፈልጎ ሪሴቷን ቀዳዳ መጫን ብዙዎች ጋ የተለመደ ነው። ይህ ሞደሙን አጥፍቶ እንደማብራት አይደለም። የተጠቃሚ ስሙን፣ የይለፍ ቃሉን፣ ቪፒአይና ቪሲአይ የሚባሉትን የግንኙነቱን መለያ ቁጥሮች ጠራርጎ ያጠፋል። መስመሩ ምንም ያልሆነ ሞደም ከዚያ በኋላ በእርግጥም አይሠራም።

መጀመሪያ መብራቶቹን ይዩ። ዲኤስኤል የሚለው ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ከጠፋ ችግሩ ሽቦው፣ ስፕሊተሩ ወይም መስመሩ ነው፤ የይለፍ ቃል መቀየር አያድነውም። ዲኤስኤሉ ጸንቶ በርቶ ኢንተርኔት የሚለው ብቻ ከቀላ ወይም ከጠፋ ሽቦውን ይተዉት፣ የተጠቃሚ ስሙን፣ የይለፍ ቃሉንና ክፍያውን ያጣሩ። ሁለቱም በርተው ስልክዎ ላይ ብቻ ካልመጣ ነገሩ የዋይፋይ ነው። ሞደሙ በሚሠራበት ጊዜ በብራውዘር 192.168.1.1 ብለው ይግቡና (አንዳንዱ ሞደም ሌላ አድራሻ ይጠቀማል፣ ከሥሩ ተጽፏል) የግንኙነቱን ገጽ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። የይለፍ ቃሉ ግን ገጹ ላይ በነጥብ ተሸፍኖ ስለሚታይ ለብቻው ይጻፉት።

ቁጥሮቹን ሳያዩ ፓኬጅ ማሳደግ

በዚያው ገጽ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ አቴኑዌሽን ነው፣ ሲግናሉ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደደከመ ይናገራል፤ 30 ዴሲቤልና ከዚያ በታች ደህና ነው፣ 50 ካለፈ መስመሩ ረጅም ነው ወይም ተጎድቷል። ሌላው ኤስኤንአር ማርጂን ነው፣ ሲግናሉ ረብሻውን አሸንፎ ለመሥራት ከሚያስፈልገው በላይ ምን ያህል ትርፍ እንዳለው ይናገራል፤ ከ6 ዴሲቤል ሲወርድ መቆራረጥ ይጀምራል። ቁጥሮቹን ጠዋትም ማታም፣ ዝናብ ሲጥልም ይመዝግቡ። ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚወርድ ከሆነ ውኃ የሚገባበት መጋጠሚያ አለ። ከስልክ ጣቢያው እስከ ቤትዎ ያለው የሽቦው ርቀት ወደ 5 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ኤዲኤስኤል አቅም ያጣል፤ ያኔ ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ 994 ሲደውሉ «ይቆራረጣል» ከማለት እነዚህን ቁጥሮች ከነሰዓታቸው ይንገሩ፤ ቴክኒሻኑ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ፍጥነቱን በዋይፋይ መለካት

4 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ባይት ነው፤ 100 ሜጋ ባይት ፋይል ቢያንስ 200 ሰከንድ ይፈጃል። ይህን ሳያሰሉ ተታለልኩ ማለት አይገባም። ልኬቱንም ኮምፒውተሩን በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኝተው፣ ሌሎቹን ስልኮች ከዋይፋይ አውጥተው ይውሰዱ። በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ የሚደክም ከሆነ በመካከል ያለው የብሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮው ወይም ፍሪጁ ነው። በ2.4 ጊጋ ሄርዝ ከቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ጎረቤት ያልያዘውን ይምረጡ።

ሙቀት፣ መብረቅና አዳፕተር

ሞደም ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጦ ዳንቴል ሲለብስ ያምራል፤ ነገር ግን አየር ማስገቢያዎቹ ይደፈኑና ግሎ ራሱን ያጠፋል። ዳንቴሉን ያንሱለት። አዳፕተሩ ከተበላሸ ምትኩ በሞደሙ ሥር የተጻፈውን ቮልት በትክክል፣ አምፔሩን እኩል ወይም በላይ ይያዝ፤ ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ አይሰኩ። ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ብዙ ሰው ከዲቫይደሩ ነቅሎ ያርፋል። መብረቁ በስልክ ሽቦውም ስለሚገባ ሁለቱም ገመዶች መነቀል አለባቸው።